ዝም ያለ ተስማምቷል

መጀመሪያ የወደደው ድምፄን ነው። ፊቴን ካየ በኋላማ ለመወሰን ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። በትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ጀርባ፣ ከፍ ብሎ፣ አንዲት የመስታወት ክፍል አለች። እዚያ ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዳችን ስንናገር ሌላችን ውኃ እንጠጣለን። ታች ያሉት ልዑካን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሌላውን አገር ንግግር በእኛ አፍ ይሰሙታል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ አስተርጓሚዋም «እኔ» ትላለች። «እሳቸው እንዲህ አሉ» ብሎ መሸሽ የለም። ስለዚህ ጠዋት ሚኒስትር፣ ረፋድ ላይ ጄኔራል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጢማም መሐንዲስ ሆኜ እውላለሁ። ራሴን የምሆነው ማይክሮፎኑ ሲጠፋ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙ ሰው ባይጠፋ ይሻል ነበር ይላል።

ቋንቋውን ማንም አላስተማረኝም። ከራዲዮ፣ ሰው ከጣላቸው መጻሕፍትና ካለማፈር ነው የለቀምኩት። ለቅጥር ስቀርብ «ዲግሪሽ የታለ?» ሲሉኝ «አፌ ውስጥ ነው፣ ጠይቁኝና ይውጣ» አልኳቸው። ምላጭ የሚለው ስም የወጣልኝ ያን ቀን ነው።

የአዳራሹ ጉዳይ ሐይቅ ነው። አራት አገሮች የሚካፈሉት፣ አራቱም የሚስቡት፣ አራቱም ሌሎቹ ጨረሱት የሚሉት ሐይቅ። ዓለም አቀፉ ድርጅት ከየአህጉሩ ባለሙያ ሰብስቦ፣ በራፉ ላይ ባንዲራ ደርድሮ፣ ውኃው ሳያልቅ አገሮቹን ሊያስማማ ዓመታት ደክሟል። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። ድሮ ዓሣ ይራገፍበት የነበረው ድንጋይ ዛሬ ሜዳ ላይ ቀርቶ ፍየል ይታከክበታል። ሌላው ሰው «የዓለም የጋራ ችግር» ሲባል ካርታ ይታየው ይሆናል፤ ለእኔ የሚታየኝ ያ ድንጋይና ፍየሉ ነው።

እሱ የስብሰባው ጸሐፊ ነበር፤ የአራቱን አገሮች ጭቅጭቅ ሰምቶ የስምምነት ረቂቅ የሚያወጣው። አንድ ቀን ስብሰባው እንደተነሣ ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ በራችንን ከፈተ።

«አንቺ ነሽ?»

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«ድምፁን።»

«ድምፁ ምሳ ሊበላ ነው። ምን ነበር?»

«ተወካዩ ያሉት ‹ጎረቤቶቻችንን ስለ ትዕግሥታቸው እናመሰግናለን› ነው። አንቺ ስትይው ግን ግማሹ አዳራሽ ሳቀ።»

«እሳቸው ሲሉትስ የሚያስለቅስ ነበር?»

«ቃሉ እኮ ምስጋና ነው።»

«ቃሉ ምስጋና፣ አባባሉ ስድብ። ሁለቱንም አስተርጉሚ ተብዬ ነው የተቀጠርኩት። ስድቡን ቀንሺ ካላችሁኝ ከሥራ ሰዓቴም ቀንሱልኝ።»

አብራኝ የምትሠራው እትዬ፣ በዕድሜ እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት፣ የተጎነጨችውን ውኃ ረጨችው። እሱ አልሳቀም። ቆሞ አየኝ። ሰው ሲያየኝ የሚያየው አፌን ነው፣ ቀጥሎ ምን ሊወጣ ነው ብሎ። እሱ ዓይኔን አየ። ዓይኔ ደግሞ እንደ አፌ ደፋር አይደለም፤ ቶሎ ይሸሻል። የማዳመጫዬን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

«የየት ነሽ ግን?»

«የዚህኛው ዳር። አንተስ?»

«የማዶ።»

«ውይ! ከሌቦቹ ሰፈር።»

«እኛም እናንተን የምንላችሁ እንደዚያ ነው» አለ። ያኔ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ስሙ ማዶ ሆነ።

የሁለቱ ዳር ሰው ቋንቋው አንድ ነው። ስብሰባው በድርጅቱ ቋንቋ ስለሚካሄድ እንጂ ለመሰዳደቡስ አስተርጓሚ አያስፈልገንም ነበር። በእረፍት ሰዓት ከማሽኑ ሻይ ቀድተን፣ ከሕንፃው ጀርባ ባለው የብረት ደረጃ ላይ እንቀመጥ ጀመር። ሻዩ ካርቶን ካርቶን ይላል። ግን አንድ ቀን ማሽኑ ተበላሽቶ ባዶ እጃችንን ወጥተን ተቀመጥን፤ ለሻዩ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

«ስቀጠር ምዬ ነው የገባሁት» አለኝ። «ለአገሬ አላደላም፣ ከአገሬም ትእዛዝ አልቀበልም ብዬ።»

«ታዲያ የማን ነህ?»

«የሁሉም።»

«የሁሉም የሆነ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ገብተህ እይ።»

ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱ ተለወጠ።

«ልጅ ሆኜ ኮሌራ ገባ። የእኛ መንግሥት ከእናንተ ዳር መጣ አለ፤ የእናንተ ከእኛ መጣ አለ። እነሱ ሲካካዱ እህቴ ሞተች። በኋላ ድንኳን ይዘው የመጡት ሐኪሞች ግን የየት ነህ ብለው አልጠየቁኝም። ‹አፍህን ክፈት› ብቻ ነው ያሉኝ።» ባዶ የወረቀት ኩባያውን ጨመደደው። «የማልኩት ለእነሱ ነው።»

እጁን ያዝኩት፤ እሱም መልሶ ያዘኝ፤ የእረፍቱ ሰዓት አልፎ እትዬ በመስኮት እስክትጠራኝ እንደተያያዝን ቆየን።

የዝምታን ደንብ ያስተማረኝም እዚያው ደረጃ ላይ ነው።

«ረቂቁ ሲያልቅ ለአገሮቹ እንልክና ቀነ ገደብ እንሰጣለን። እስከዚያ ሰዓት የተቃወመ ከሌለ ጸደቀ ማለት ነው። ማንም እጁን አያወጣ፣ ማንም እሺ አይል። ዝም ያለ ተስማምቷል።»

«እሺ ማለት ምን ነውር አለው?»

«ለመንግሥት ከባድ ነው። አገሩ ሲመለስ ‹ለምን እሺ አልክ?› ይባላል። ዝም ማለት ግን ማንንም አያስወቅስም።»

«ዝም አይነቅዝም አሉ! እኛ ቤት ግን ዝም ያለ ሰው ያኮረፈ ነው። አባባ ዝም ካለ፣ ሄደህ ካላባበልከው ሳምንቱን እንደተቆለፈ ይከርማል።»

«አንቺስ?»

«እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ።»

ነግሬዋለሁ። ልብ በሉልኝ፣ በግልጽ ነግሬዋለሁ።

ለአባባ ስለ እሱ ያወራሁት መረብ ሲጠግን ነው። ዓሣ ለሌለበት ሐይቅ መረብ።

«ማዶኛ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ማዶ ተወለደ እንጂ አሁን የድርጅቱ ሰው ነው። የማንም አገር አይደለሁም ብሎ ምሏል።»

«ማዶኛ መሆኑስ ባልከፋ። አገር የለኝም ብሎ የማለ ሰው ልጄን የት ሊያኖራት ነው?»

«አባባ…»

«ሐይቁን ጠጡት። አሁን ደግሞ ልጄን?» መረቡን ከጭኑ ላይ አወረደው። «ወንድ ከሆነ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

አስተርጓሚ ነኝና ሳልቀንስ ሳልጨምር ለማዶ አደረስኩለት። ከንፈሩን ነከሰ።

«እመጣለሁ። ግን ድርድሩ እስኪያልቅ ጸሐፊው ከየትኛውም ወገን ሰው ቤት መግባት አይፈቀድለትም። አንዱ አገር ቢሰማ ‹ጸሐፊው ለእነሱ አድልቷል› ብሎ ረቂቁን ይጥለዋል። ይጽደቅ ብቻ። በጸደቀ ማግስት አባትሽ ደጅ ነኝ።»

ሌላዋ ሴት ፍቅረኛዋ ቤት እስኪሠራ ትጠብቃለች። እኔ አራት መንግሥታት እስኪስማሙ ጠበቅኩ። አንዳንድ ቀን መስታወቱ ውስጥ ሆኜ ስለ ውኃ መሳቢያ ቱቦ ስፋት ሲከራከሩ እያስተረጎምኩ፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚነታረከው በእኔ ሠርግ ነው እል ነበር። አንዱ ተወካይ እልኸኛ ሲሆን በልቤ እረግመዋለሁ፤ በአፌ ግን ክርክሩን አሳምሬ አቀርብለታለሁ። እንጀራዬ ነዋ።

ረቂቁ አለቀ። የትኛው አገር በየትኛው ወር ምን ያህል ውኃ እንደሚስብ፣ ማን እንደሚቆጣጠር፣ ሁሉም ገባበት። ቀነ ገደቡ አርብ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ ከማዶ መልእክት መጣ።

«አራት ዓመቴ ስለሞላ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ባሕር ተሻግሮ፣ መድበውኛል። ምክንያት ካቀረብኩ አንድ ዓመት ያራዝሙልኛል። መልስ የምሰጠው ነገ ነው። የምትቃወሚ ከሆነ አልሄድም። እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። «እወድሻለሁ» የለበትም። «ምን ይሻለናል?» የለበትም። «የምትቃወሚ ከሆነ!» እኔን እንደ አንድ አገር! የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ አኮረፍኩ።

አልመለስኩለትም። ይመጣል ብዬ ነው። ደረጃውን እየዘለለ ይወጣል፣ በሩን ይከፍታል፣ አንዴ ይቆጣል፣ አንዴ ይለምናል፣ እኔም ጥቂት አስቸግሬው እታረቃለሁ። አርብ ጠዋት ሰማያዊ ሹራቤን ለብሼ፣ የመስታወቷን ክፍል በር ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ ዛሬ አፍሽ ታሸገ?» አለችኝ እትዬ።

«አኩርፌ ነው።»

«እሱ ያውቃል?»

«ማወቅ አለበት።»

«ወንድ ነግረሽውም አይገባው፣ እንኳን ሳትነግሪው። ተነሺና አንድ ቃል ጻፊለት።»

«ይምጣ!»

ታች ልዑካኑ ተሰብስበው ቀነ ገደቡን ይጠብቃሉ። ማዶ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስልኩን ያያል፤ ከበሩ በላይ ያለውን ሰዓት ያያል። አንዴ ወደ መስታወቱ ቀና አለ። ፊቴን አዞርኩበት። እኛ ቤት ይህ «ና» ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ሰው ገብቶ ለሊቀመንበሩ አንሾካሾከላቸው። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ አገር ዝምታውን ሰብሯል» አሉ። እኔም በቋንቋዬ «አንድ አገር ዝምታውን ሰብሯል» አልኩ።

የእኔ አገር ነው። ማዶዎቹ ዝም ብለው ተስማምተው ነበር፤ ሌሎቹም ሁለቱ እንዲሁ። የአገሬ ተወካይ ተነሥቶ ምክንያቱን ሲዘረዝር ወደ ድርጅቱ ቋንቋ የመለስኩት እኔ ነኝ። «ይህን ረቂቅ ልንቀበለው አንችልም» አልኩ፣ በገዛ አፌ፣ በገዛ አባቴ ላይ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የሚያኮራኝ ነገር እሱ ብቻ መሆኑ ያሳፍራል።

ሁከቱ ሲበርድ ማዶን በዓይኔ ፈለግኩት። ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይጽፍ ነበር። ለእኔ መሰለኝ። ስልኬ አልጮኸም።

ሰኞ እስኪደርስ የሁለቱ ዳር መንግሥታት በራዲዮ ተሰዳድበው የድንበሩን መሻገሪያ ዘጉት። እኔ ቢሮው ስገባ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ይከታል።

«ልትሄድ ነው ማለት ነው» አልኩት።

«ዝም አልሽ።»

«አኩርፌ ነበር!»

የያዘው መጽሐፍ እጁ ላይ ቀረ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲገባው አየሁ፤ ሲገባው ማየት አለመግባቱን ከማየት ይብሳል።

«እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጠበቅኩሽ። አንድ ቃል። ለመንኩሽ እኮ!»

«አልለመንከኝም። አሳወቅከኝ።»

ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ስንት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት። ሰው ዝም ሲል ተስማማ ብዬ እጽፋለሁ። ካልተቃወመች ሂድ ማለቷ ነው አልኩ። ምናልባት አባቷ አሸንፈዋል፣ ቃሉ ከብዷት ነው፣ አላስጨንቃት አልኩ።»

«እሺ፣ አሁን ተቃወምኩ።» ኩራቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «ይኸው። ሰማኸኝ? ተቃወምኩ።»

«ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ዛሬ ጠዋት።»

ከውጭ አንድ ሰው ባንዲራዎቹን ሊያጥብ እያወረደ ነበር። የገመዱ መዘውር ሲንጫጫ ይሰማል።

«አብረሽኝ ነይ» አለ።

«እንደ ሚስት ነው እንደ ሻንጣ?»

«እንደ ሚስት።»

ይህን ቃል ስጠብቀው ከርሜ፣ ሲመጣ ውሉ በፈረሰ ማግስት መጣ። አባባ ከእኔ በቀር ሰው የለውም፤ ከሐይቁም የሚያገኘው የለም።

«አባባን ምን ላድርገው?»

«ይምጡ፣ አብረውን ይኑሩ።»

«ሐይቁ ሸሽቶት እንኳ እሱ ከዳርቻው አልተነሣም። ባሕር ተሻገር ልበለው?»

«እንግዲያው ሥራውን ልልቀቅ።»

«ከመሐላህ የወጣህ ቀን ማዶኛ ነህ። መሻገሪያው ተዘግቷል። እዚህ አንዲት ሌሊት ማን ያሳድርሃል?»

ዝም አለ። ይህኛው ዝምታ ስምምነትም ኩርፊያም አልነበረም። ስም ያልወጣለት ዓይነት ነው።

«ትመለሳለህ?» አልኩት በመጨረሻ። ድርጅቱ ሰው አንዴ ያገለገለበት ቦታ መልሶ እንደማይመድብ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አይመስለኝም» አለ።

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም። ያን ቀን ቢዋሸኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሽኝቱ አጭር ነበር። ሊቀመንበሩ አመሰገኑት፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ሊናገር ሲነሣ እትዬ እጇን ወደ ማይክሮፎኔ ሰደደች።

«ስጪኝ፣ የኔ ልጅ። ይህን እኔ ልያዘው።»

«ተራዬ ነው።»

«ተይ፣ አንቺ ልጅ።»

«ተራዬ ነው አልኩ እኮ!»

በድርጅቱ ቋንቋ ጀመረ። ከዚያ ማንም ተናጋሪ የማያደርገውን አደረገ፤ ማዳመጫውን አንሥቶ ጆሮው ላይ አጠለቀ። የራሱን ንግግር፣ በእኛ ቋንቋ፣ ከእኔ አፍ ሊሰማ።

«እኔ በዚህ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ» አልኩ። «ስመጣ፣ ሰው ከተቀመጠና ከተነጋገረ ይግባባል ብዬ አምን ነበር። አሁን እምነቴ ሳስቷል። ቢሆንም ከመቀመጥና ከመነጋገር የተሻለ መንገድ አሳዩኝ ብል የሚያሳየኝ አላገኘሁም።» አንዳንዱ ተወካይ አንገቱን ደፋ። «ከዚህ ቤት ይዤ የምሄደው አንድ ድምፅ ነው» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። አዳራሹም ተከትሎት ቀና አለ። ቀጥሎ የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። አስተርጓሚ ተናጋሪው ያላለውን አትልም። ማይክሮፎኑ በርቷል፤ ትንፋሼ በየጆሮው እየገባ ነው። አንዲት ቃል ብጨምር ማን ያውቅብኛል? አወቁብኝስ፣ ምን ያመጣሉ?

«ስለ ትብብራችሁ አመሰግናለሁ» አለ።

«ስለ ትብብራችሁ አመሰግናለሁ» አልኩ።

ማይክሮፎኑን አጠፋሁት። እትዬ ውኃ ቀድታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ።

ቅዳሜ አባባ ጋ ሄድኩ። ጀልባውን ሜዳው ላይ ገልብጦ ይፈታታዋል፤ ሚስማሩን በጉጠት እየነቀለ፣ ሳንቃውን አንድ ጎን እየደረደረ።

«ምን ልትሠራበት ነው?»

«በር። የጓሮው በር ወላልቋል።» አንድ የዛገ ሚስማር ቆርቆሮው ውስጥ ጣለ። «ውሉስ?»

«ፈረሰ።»

«ማዶዎቹ ናቸው፣ አይደል?»

«እኛ ነን፣ አባባ።»

ጉጠቱን እንደያዘ ቀና አለ። «አጣርተሻል?»

«ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

ሌላ ሚስማር ያዘ። አልነቀል አለው። ተወውና ላቡን ጠረገ።

«ልጁስ?»

«ሄደ።»

«ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ።»

አባባ ተናደደ። የምሩን ነው የተናደደው፤ ጉጠቱን መሬት ላይ ጣለው።

«ምን ዓይነት ሰው ነው! እምቢ ልለው ተዘጋጅቼ እኮ ነበር! ምን ብዬ እንደምመልሰው ስንቴ ለራሴ ተናግሬዋለሁ። አባት ነኝ፣ መጀመሪያ እምቢ ማለት አለብኝ፤ ደንብ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ግን የምጠይቀው ነበረኝ።»

«ምን?»

«‹ትቀዝፋለህ ወይ?› ልለው ነበር። እቀዝፋለሁ ካለኝ በቃ፣ ‹ግባና ተቀመጥ›።» ወደተከመረው ሳንቃ አየ፤ ከሳንቃው ባሻገር ውኃ ወደነበረበት፣ ንፋስ አቧራ ወደሚያስነሣበት ሜዳ አየ። «ይቀዝፋል?» አለኝ።

የሐይቅ ልጅ ነው፤ ይቀዝፍ ይሆናል። ያንን ሁሉ እረፍት፣ ያንን ሁሉ ሻይ፣ ስለ መንግሥታትና ስለ ደንብ ስናወራ ይህን ጠይቄው አላውቅም።

«አላውቅም፣ አባባ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጉጠቱን ከመሬት አነሣና፣ የሳንቃውን አንዱን ጫፍ ይዤ እንድስብለት በእጁ አመለከተኝ።